የትንሽ ሮኬት ቀጥተኛ በረራ በምን ይወሰናል?

ከካርቶን ቱቦ፣ ከቀላል እንጨትና ከአንድ አነስተኛ የባሩድ ሞተር የሚሠራ፣ ክብደቱ ከመቶ ግራም የማይበልጥ ሮኬት ከማስነሻው በወጣ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ወይ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ይዘልቃል፣ ወይም ከጥቂት ሜትር በኋላ እየተገለባበጠ ይወድቃል። ብዙ ጀማሪዎች የልዩነቱን ምክንያት የሚፈልጉት በሞተሩ ጉልበት ወይም ሮኬቱ በተተከለበት አቅጣጫ ነው፤ ነገር ግን ሞተሩ በዋናነት የሚወስነው ፍጥነትንና ከፍታን ሲሆን፣ ማስነሻውም ቢሆን አቅጣጫ የሚሰጠው ለመጀመሪያው አንድ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሮኬቱን የሚመራ መሪም ኮምፒውተርም የለም፤ መስመሩን የሚጠብቅለት በአካሉ ላይ በሚገኙ ሁለት ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት ነው፣ ይህ ርቀት ደግሞ ሮኬቱ ከመነሳቱ በፊት ጠረጴዛ ላይ ተለክቶ ሊስተካከል ይችላል።

ከሁለቱ ነጥቦች አንደኛው የክብደት ማዕከል ነው፤ ይኸውም ሮኬቱ በክር ቢንጠለጠል ወይም በማስመሪያ ጠርዝ ላይ ቢጋደም ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሳያጋድል ሚዛኑን ጠብቆ የሚቆምበት ቦታ ሲሆን፣ በአየር ላይ በነፃነት የሚጓዝ ማንኛውም አካል ሲዞር የሚዞረው በዚሁ ነጥብ ዙሪያ ነው። ሁለተኛው የግፊት ማዕከል ይባላል፤ በሮኬቱ አፍንጫ፣ በቱቦውና በክንፎቹ ላይ የሚያርፈው የጎንዮሽ የአየር ኃይል ሁሉ ተደምሮ እንደ አንድ ኃይል ቢታሰብ፣ ያ ድምር ኃይል የሚያርፍበት ነጥብ ማለት ነው። ነፋስ ወይም የአሠራር ጉድለት የሮኬቱን አፍንጫ ወደ አንድ ጎን ገፋ ሲያደርገው፣ ሮኬቱ አየሩን በአፍንጫው መሰንጠቁን ትቶ በጎኑ መቀበል ይጀምራል። በዚህ ጊዜ የግፊት ማዕከሉ ከክብደት ማዕከሉ በስተኋላ ከሆነ የጎኑ ኃይል ጅራቱን ገፍቶ ወደ መስመሩ ይመልሰዋል፣ አፍንጫውም አብሮ ይቃናል፤ ከፊት ከሆነ ግን ያው ኃይል አፍንጫውን ይበልጥ ያጣምመዋል፣ መጣመሙም በተራው ኃይሉን ስለሚያበዛው ሮኬቱ በቅጽበት ይገለበጣል። ጦር ወርዋሪ ከባዱን ብረት ከፊት፣ ቀላሉን እንጨት ከኋላ የሚያደርገው ለመውጋት ሲል ብቻ እንዳልሆነ ያስተዋለ ሰው የነገሩን ሥር ይዞታል።

ይህ ዛሬ ቀላል የሚመስለው እውቀት የዘመናዊ ሮኬት አባቶች ከሚባሉት ሰዎች እንኳ ለጊዜው ተሰውሮ ነበር። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ጎዳርድ እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 1926 በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በኦበርን በሚገኝ የዘመዱ እርሻ ላይ በዓለም የመጀመሪያውን በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠራ ሮኬት ሲያስነሳ፣ ሞተሩን ከላይ፣ የቤንዚንና የፈሳሽ ኦክስጅን ታንኮቹን ደግሞ ከታች አድርጎ ነበር። የሐሳቡ መነሻ፣ ሞተሩ ከላይ ሆኖ ቢጎትት ከባዱ ታንክ እንደ ፔንዱለም ከሥሩ ተንጠልጥሎ ሮኬቱን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል የሚል ነበር። ሮኬቱ ለ2.5 ሰከንድ በርሮ 12.5 ሜትር ያህል ከፍ ካለ በኋላ 56 ሜትር ርቆ ወደቀ፤ በሌላ አነጋገር ወደ ላይ ከወጣው ይልቅ ወደ ጎን የተጓዘው ከአራት እጥፍ በላይ ነበር። በረራው በታሪክ ውስጥ የያዘው ቦታ የሚገባው ነው፤ የቀጥተኛነቱን ጥያቄ ግን አልፈታም። ይኸው ሐሳብ በ1930ዎቹ መባቻ በበርሊን ሙከራ ያደርጉ በነበሩት የጀርመን የጠፈር ጉዞ ማኅበር አባላት ዘንድም ታይቷል፤ እነርሱም በመጀመሪያዎቹ ሮኬቶቻቸው ሞተሩን ከአፍንጫው በኩል አስቀምጠው ነበር።

ስህተቱ የት ላይ እንደሆነ መመርመር ይጠቅማል፣ ምክንያቱም ሞተሩ ከላይ ቢሆን ይሻላል የሚለው አስተሳሰብ ዛሬም በጀማሪዎች ዘንድ ደጋግሞ ይሰማል። እውነተኛ ፔንዱለም የሚንጠለጠልበት የማይንቀሳቀስ ቦታ አለው፤ ሲያዘነብል የመሬት ስበት ወደ መሐል የሚመልሰው ከላይ ስለተያዘ ነው። በአየር ላይ ያለ ሮኬት ግን በምንም አልተያዘም። የመሬት ስበት የሮኬቱን ክፍሎች ሁሉ እንደየክብደታቸው እኩል ስለሚስብ ሮኬቱን ወደ ታች ያወርደዋል እንጂ አያዞረውም፣ የሞተሩም ግፊት ከአካሉ ጋር የተጣበቀ በመሆኑ ሮኬቱ ሲያዘነብል የግፊቱ መስመር አብሮት ያዘነብላል። ስለዚህ ግፊቱ ከላይም ይምጣ ከታች ለቀጥተኛነት የሚጨምረው ነገር የለም። ጎዳርድ ብዙም ሳይቆይ ሞተሩን ወደ ታች አወረደው፤ በኋላም በኒው ሜክሲኮ ግዛት በሮዝዌል ባካሄደው ሙከራ ጋይሮስኮፕን፣ ማለትም በከፍተኛ ፍጥነት ስለሚሽከረከር አቅጣጫውን አጽንቶ የሚይዝ መንኮራኩርን፣ በሞተሩ ጭስ ውስጥ ከተተከሉ ተንቀሳቃሽ ሰሌዳዎች ጋር አገናኝቶ እ.ኤ.አ. በ1935 አንድ ሮኬቱን ከ1,400 ሜትር በላይ ከፍ ለማድረግ ችሏል። በትልልቅ ሮኬቶች ዘንድ ዛሬም የሚሠራበት መንገድ የዚህ ዝርያ ነው፤ ለትንንሾቹ ግን ክብደቱም ወጪውም የማይቻል በመሆኑ ያላቸው አማራጭ በአየሩ ራሱ መታረም ነው።

ከጎዳርድ በፊት በነበረው ክፍለ ዘመን የተሞከሩት ዘዴዎች ሁለት ነበሩ። እንግሊዛዊው ዊልያም ኮንግሪቭ በ1800ዎቹ መጀመሪያ የሠራቸው የጦር ሮኬቶች መስመራቸውን የሚጠብቁት በጎናቸው በታሰረ ረጅም እንጨት ሲሆን፣ ዛሬ ለበዓል የሚተኮሱ አንዳንድ ርችቶች ያንኑ እንጨት ይዘው ይታያሉ። የአገሩ ሰው ዊልያም ሄይል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1844 እንጨቱን አስቀርቶ፣ የሚወጣው ጭስ ሮኬቱን እንዲያሽከረክረው በማድረግ አቅጣጫውን ለማጽናት ሞከረ። ሁለቱም ዘዴዎች ሮኬቱን ከመድፍ ጥይት ጋር የሚስተካከል ኢላማ አልሰጡትም። በኢትዮጵያ ምድርም ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ አቅራቢያ በአሮጌ በተደረገው ውጊያ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የሮኬት ጓድ በዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ላይ ሮኬት የተኮሰው በዚሁ ዘመን፣ ችግሩ ገና መፍትሔ ባላገኘበት ጊዜ ነበር።

ሮኬት የወጣቶች መማሪያና መዝናኛ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ነው። በነብራስካ ግዛት፣ በኖርፎክ ከተማ የጫማ መደብር የነበረው ኦርቪል ካርላይል እ.ኤ.አ. በ1954 ወንድሙ ስለ በረራ ለሚሰጠው ትምህርት ማሳያ እንዲሆን፣ ከወረቀት ቱቦና ከባልሳ እንጨት የተሠራ፣ ሞተሩ የሚተካና በፓራሹት የሚወርድ ትንሽ ሮኬት ሠራ። በ1957 በዋይት ሳንድስ የሮኬት መሞከሪያ ሥፍራ ይሠራ የነበረው ሃሪ ስታይን ወጣቶች ባሩድ እየቀመሙ ራሳቸውን እንደሚጎዱ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ በመጽሔት ሲያወጣ፣ ካርላይል ሮኬቱን ላከለት፤ በዚያው ዓመት ሰው ሠራሽ ሳተላይቷ ስፑትኒክ ወደ ሕዋ ወጣች፣ የወጣቶቹም ፍላጎት ገነፈለ። ከርችት ሠሪ ቤተሰብ የተወለደው ቨርነን ኤስቴስ ደግሞ በኮሎራዶ ሞተሮቹን በማሽን በብዛት ማምረት ጀመረ። የዚህ ታሪክ ቁም ነገር አደገኛው ክፍል ከወጣቱ እጅ ወጥቶ ወደ ፋብሪካ መግባቱ ነው፤ ለወጣቱ የቀረለት አካሉን መንደፍና መሥራት ሲሆን፣ የቀጥተኛነት ጥያቄ የመዝናኛው ዋና የእውቀት ፈተና የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

የክብደት ማዕከልን ማግኘት ቀላል ሲሆን የግፊት ማዕከልን ማግኘት ግን ለብዙ ጊዜ በግምት ይካሄድ ነበር። የተለመደው ዘዴ የሮኬቱን የጎን ቅርጽ በካርቶን ላይ ነድፎ መቁረጥና የተቆረጠው ካርቶን ሚዛኑን የሚጠብቅበትን ቦታ መፈለግ ነበር። ዘዴው ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን የሚያሳየው ሮኬቱ ሙሉ በሙሉ በጎኑ ተጋድሞ አየሩን በ90 ዲግሪ ሲቀበል ያለውን የግፊት ማዕከል ነው፣ በጤናማ በረራ ላይ ያለ ሮኬት ደግሞ ከአየሩ መስመር የሚያፈነግጠው በጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ይህን ክፍተት የዘጋው በናሳ የጎዳርድ የጠፈር በረራ ማዕከል መሐንዲስ የነበረውና ትንንሽ ሮኬቶችን በትርፍ ጊዜው የሚሠራው ጄምስ ባሮማን ነው። ባሮማን ከባለቤቱ ከጁዲዝ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ የትንንሽ ሮኬት ሠሪዎች ዓመታዊ ውድድር ላይ ባቀረበው ጥናት፣ ሮኬቱን በየክፍሉ ለያይቶ የእያንዳንዱን የአየር ኃይልና ኃይሉ የሚያርፍበትን ቦታ በማስላት፣ የሁሉንም አማካይ በወረቀትና በእርሳስ የሚያስገኝ ቀመር ሰጠ። በቀመሩ መሠረት ሹል አፍንጫ ምንም ያህል ቢረዝም የኃይል ድርሻው፣ መለኪያ አሃድ በሌለው ቁጥር፣ 2 ነው፤ ወጥ ውፍረት ያለው ቱቦ በትንሽ ማዕዘን ላይ የሚጨምረው ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ቀሪውን ሁሉ የሚወስኑት ክንፎቹ ናቸው።

የዚህን ትርጉም አንድ የተሰላ ምሳሌ ግልጽ ያደርገዋል። ውፍረቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር፣ ጠቅላላ ርዝመቱ 35 ሴንቲ ሜትር፣ ከዚህም ውስጥ 7ቱ በቀስታ እየሾለ የሚሄድ አፍንጫ የሆነ፣ ከጅራቱ ጫፍ ላይ ሦስት አራት ማዕዘን ክንፎች ያሉት ሮኬት ይታሰብ። እያንዳንዱ ክንፍ ከቱቦው ጋር የተጣበቀበት ርዝመት 5፣ ወደ ውጭ የወጣበት ስፋት 4 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የባሮማን ቀመር ለክንፎቹ የሚሰጠው የኃይል ድርሻ 16.7 ያህል ሲሆን፣ የግፊት ማዕከሉ ከአፍንጫው ጫፍ 28.3 ሴንቲ ሜትር ላይ ያርፋል። የሮኬቱ የክብደት ማዕከል ሞተሩ ገብቶበት 24 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢገኝ፣ በሁለቱ መካከል ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ ርቀት አለ፣ ሮኬቱም ቀጥ ብሎ ይበራል። ያው ሮኬት በካርቶን ዘዴ ቢለካ ግን የግፊት ማዕከሉ 23.2 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይገኛል፣ ማለትም ከክብደት ማዕከሉ ፊት ይሆንና ሮኬቱ አይበርም ተብሎ ይፈረድበታል። በካርቶኑ ላይ ሰፊውን ቦታ የያዘው ቱቦ የሌለውን ድርሻ ስለወሰደ ነው፤ ባሮማን እስኪመጣ ድረስ ጥንቁቅ ሠሪዎች ክንፎቻቸውን ከሚያስፈልገው በላይ ያሳድጉ የነበሩትም በዚሁ ፍርድ ምክንያት ነው።

ቀመሩ ያለ አግባብ ለሚደፍሩትም ማስጠንቀቂያ ይዟል። በምሳሌው ላይ ያለው ክንፍ ለውበት ተብሎ ስፋቱ ከ4 ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ቢቀነስ፣ የኃይል ድርሻው በግማሽ አይቀንስም፤ ከ16.7 ወደ 5.1 ያሽቆለቁላል፣ የግፊት ማዕከሉም ወደ 23.4 ሴንቲ ሜትር ተስቦ ከክብደት ማዕከሉ ፊት ይገባል። ከዓይን አንጻር ሲታይ መጠነኛ የሆነው ለውጥ ደህናውን ሮኬት ተገልባጭ ያደርገዋል ማለት ነው። ለዚህ መፍትሔው ሁለት ነው፤ ወይ ክንፉን መልሶ ማስፋት፣ ወይም አፍንጫው ውስጥ ክብደት መጨመር። የሮኬቱ ክብደት 70 ግራም ቢሆንና ከጫፉ 4 ሴንቲ ሜትር ላይ 15 ግራም ጭቃ ቢጨመርበት፣ የክብደት ማዕከሉ ወደ 20.5 ሴንቲ ሜትር ይመጣና ሮኬቱ እንደገና ይረጋጋል፤ ነገር ግን ክብደቱ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ስለሚጨምር የሚደርስበት ከፍታ ይቀንሳል። ክንፍን ማስፋት በሚቻልበት ቦታ ጭቃ መጨመር በአብዛኛው የተሸነፈ ንድፍ ምልክት ነው።

በሁለቱ ነጥቦች መካከል ሊኖር የሚገባው ርቀት የሚለካው በቱቦው ውፍረት ሲሆን፣ አንድ ውፍረት አንድ ካሊበር ይባላል። የተለመደው መመሪያ የክብደት ማዕከሉ ከግፊት ማዕከሉ ቢያንስ አንድ ካሊበር ያህል ቀድሞ እንዲገኝ ሲያዝዝ፣ በብዙዎች ዘንድ ከአንድ እስከ ሁለት ካሊበር ያለው ርቀት እንደ መልካም ይቆጠራል። ርቀቱ ከዚህ እጅግ ከበዛም ሌላ ችግር ያመጣል፤ ጅራቱ ለነፋስ ከመጠን በላይ ተገዥ ስለሚሆን፣ ሮኬቱ ገና ከማስነሻው እንደወጣ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ መምጫ አዙሮ አግድም ይጓዛል። ስለዚህ የክንፍ ትልቅነት ሁልጊዜ በጎ አይደለም። ልኬቱ የግድ ሞተሩ ገብቶ መደረግ አለበት፤ ሞተሩ ከጅራቱ ስለሚገኝ የክብደት ማዕከሉን ወደ ኋላ ይስባል፣ ባሩዱ እየነደደ ሲሄድ ግን ጅራቱ ይቀልና ማዕከሉ ወደ ፊት ይመጣል፣ ሮኬቱም በበረራ ላይ ይበልጥ እየተረጋጋ ይሄዳል። ክፉው ጊዜ የመነሻው ነው።

የመነሻው ጊዜ ክፉ የሚሆነው በሌላም ምክንያት ነው። ክንፎች የሚሠሩት በአየር ፍሰት ነው፣ የሚያመነጩት ኃይልም ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ስለሚያድግ፣ በቆመ ሮኬት ላይ ክንፍ ጌጥ ብቻ ነው። ሮኬቱ በቂ ፍጥነት እስኪያገኝ ድረስ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ቀጭን የብረት ዘንግ ላይ እየተንሸራተተ እንዲወጣ የሚደረገው በዚህ ምክንያት ነው። በዘንጉ ጫፍ ላይ በሰከንድ 13 ሜትር የሚሆን ፍጥነት እንዲኖረው ከተፈለገ፣ ፍጥነቱ የመሬት ስበት ከሚሰጠው ጭማሪ ወደ አሥር እጥፍ በሚጠጋ መጠን መጨመር አለበት፤ ደካማ ሞተር የተገጠመለት ከባድ ሮኬት በንድፉ ትክክል ሆኖ ሳለ ከዘንጉ እንደወጣ የሚያጋድለው ይህን ስለማያሟላ ነው። በሰከንድ 13 ሜትር የሚወጣ ሮኬት በሰከንድ 5 ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ ቢያገኘው፣ አየሩ የሚመጣበት ማዕዘን ከ20 ዲግሪ ይበልጣል። የባሮማን ቀመር የሚያገለግለው ደግሞ ለትንሽ ማዕዘን ብቻ ነው፤ ማዕዘኑ ሲሰፋ ቱቦው የራሱን የአየር ኃይል መቀበል ይጀምርና የግፊት ማዕከሉ ወደ ፊት፣ በካርቶኑ ወደተገኘው ቦታ ይሳባል። በወረቀት ላይ የተረጋጋው ሮኬት በነፋሻ ቀን የሚገለበጠው በዚህ መንገድ ነው። የአሜሪካው የትንንሽ ሮኬት ማኅበር የደኅንነት ደንብ ነፋሱ በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር ሲበልጥ ማስነሳትን የሚከለክል ሲሆን፣ ከላይ ያለው ስሌት እንደሚያሳየው ለቀላል ሮኬት ግን ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነፋስ መምረጥ ይበጃል።

ስሌቱ ከተስተካከለ በኋላ የቀረው የእጅ ሥራ ነው። ክንፎቹ በቱቦው ዙሪያ በእኩል ርቀት፣ ከቱቦው ርዝመት ጋር ፍጹም ትይዩ ሆነው መጣበቅ አለባቸው፤ ለዚህም በቱቦው ዙሪያ የወረቀት ጥብጣብ ጠምጥሞ፣ ዙሪያውን በሦስት እኩል ከፍሎ ምልክት ማድረግ ይበቃል። አንዱ ክንፍ ጠመም ቢል ሮኬቱ በራሱ ዙሪያ ይሾራል፤ መሾሩ ጥቃቅን ጉድለቶችን በሁሉም አቅጣጫ ስለሚያዳርስ አንዳንዴ ይጠቅማል፣ ነገር ግን ጉልበት ይበላል። የባልሳው የእንጨት መስመር ከክንፉ የፊት ጠርዝ ጋር ካልተስማማ ክንፉ በበረራ ላይ ሊሰበር ይችላል። ቀመር ለማይወድ ሰው ደግሞ ሞተር የገባበትን ሮኬት በክብደት ማዕከሉ ላይ በረጅም ክር አስሮ ከራስ በላይ ማሽከርከር የቆየ ፍተሻ ነው፤ አፍንጫውን አስቀድሞ ከዞረ ይበራል። ይህን ያላለፈ ሮኬት ሁሉ መጥፎ ነው ማለት ግን አይደለም፣ ክብ መንገድ ላይ የሚጓዝ ረጅም ሮኬት አየሩን በተዛባ ማዕዘን ስለሚቀበል ፍተሻው ይከብድበታል።

ከዚህ ያለፈውን፣ ማለትም የተነካ ሮኬት ወደ መስመሩ ሲመለስ ስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝና ውዝዋዜው በምን ፍጥነት እንደሚረግብ፣ ጎርደን ማንዴል፣ ጆርጅ ካፖራሶና ዊልያም ቤንገን እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት መጽሐፍ በሰፊው አጥንተውታል። ዛሬ የዚህን ሁሉ ስሌት ኦፕንሮኬት የተባለው ነፃ ሶፍትዌር በቅጽበት ይሠራዋል፤ ሶፍትዌሩ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ2009 በሄልሲንኪ ከቀረበ የማስተርስ ድግሪ ጥናት ነው።

የፋብሪካ ሞተር በቀላሉ በማይገኝበት አገርም ይህን ሁሉ መማር ይቻላል። የለስላሳ መጠጥ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሲሦው በውኃ ተሞልቶ በብስክሌት መንፊያ አየር ሲታመቅበት በቂ ሮኬት ይሆናል፤ የክብደትና የግፊት ማዕከል ሕግም ሳይለወጥ ይሠራበታል። ጋዝ ለያዘ መጠጥ የተሠራው ጠርሙስ ግፊት እንዲችል ታስቦ የተሠራ ሲሆን፣ ስሱ የውኃ ጠርሙስ፣ በተለምዶ ሃይላንድ የሚባለው፣ ለዚህ አይሆንም። የፊዚክስ መምህራን ከተማሪዎቻቸው ጋር ሲሠሩት ባዶውንም ውኃ የያዘውንም ጠርሙስ ሚዛን አስቀድመው ይለኩ፣ አየር የሚሞላው ሰው በረጅም ቱቦ ርቆ ይቁም፣ ባሩድና ሌላ ተቀጣጣይ ነገር በቤት ውስጥ መቀመም ግን በማንም፣ በምንም ምክንያት አይሞከር።